ካምፓላ ላይ ካርቶን ቆርጠው ለመክበር ላሰቡ

ካምፓላ ገብተው ካባላጋላ ቤት ከተከራዩ፣ ሳምንት ሳይሞላዎት አንድ የአገር ልጅ ከሽሮዎ ላይ አስነሥቶ ናስር ሮድ ይወስድዎታል። አይግደርደሩ፣ ይሂዱ። መንገዱ በግብፁ ገማል አብደል ናስር ስም የተሰየመ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ንክሩማ ሮድ ይባላል። አህጉሩን አንድ ለማድረግ የደከሙት ሁለት ሰዎች በመጨረሻ እዚህ ተገናኝተዋል። በስማቸው በተጠሩት መንገዶች ላይም ቀኑን ሙሉ የሠርግ መጥሪያ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የቀን መቁጠሪያና የሳሙና ካርቶን ይታተማል። የከተማው ሰው "የናስር ሮድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከሰዓት ዲግሪ ያስይዛል" እያለ ይቀልዳል። እኛ ዲግሪ አያስፈልገንም፤ የመጣነው ለካርቶን ነው።

ደጃፍ ላይ ቆም ብለው ያዳምጡ። የማተሚያዎቹ ድምፅ ጥድፊያ የበዛበት ነው። በመሃል ግን ረጋ ብሎ፣ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ገደማ "ግው… ግው…" የሚል ሌላ ድምፅ ይሰማሉ። ዳይ ከት ማሽን ነው። የታተመውን ሉህ በቅርጹ ይቆርጠዋል፤ የሚታጠፍበትን ቦታ ደግሞ ሳይቆርጥ ተጭኖ መስመር ያወጣለታል። ሁለቱንም በአንድ ምት ይጨርሳል። ጠፍጣፋ ሉህ ገብቶ፣ ሲታጠፍ ሣጥን የሚሆን ነገር ሲወጣ ያዩ ቀን ልብዎ ይሰረቃል። የኔም እንደዚያው ነው የተሰረቀው።

ሻጩ "ሁሉን ይቆርጣል" ይልዎታል። ወረቀት፣ ካርቶን፣ ስቲከር፣ ቆዳ፣ ስፖንጅ፤ ምን የማይቆርጠው አለ! ይመኑት፣ አልዋሸም። እኔ ማሽኑን ከገዛሁ ጀምሮ መቁረጥ ያቃተው ነገር አላየሁም። መቆረጥ ያልነበረበትንም ሳይሰስት ቆርጦልኛል። እንግዲህ ከዚህ ልምድ ተነሥቼ፣ ገንዘብዎን ሳይጉላሉ እንዴት እንደሚጨርሱት በቅን ልቦና ልምከርዎ።

በመጀመሪያ ማሽኑን በቀለሙ ይምረጡ። ናስር ሮድ ላይ በብዛት የሚያገኙት በእጅ የሚጎረሰው የቻይና ሥሪት ነው። ሞምባሳ ወደብ ወርዶ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተጉዞ ነው የሚደርሰው፤ ሲደርስም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ይቆይዎታል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ አሮጌ ሃይድልበርግ አለው፤ በሁለት ተሽከርካሪ የብረት ክንዶቹ ሉሁን ራሱ የሚያነሣው። ፋብሪካው ያን ዓይነቱን መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ማሽኑ ግን ይህ የተነገረው አይመስልም፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። ገንዘብ የተረፈው ከስዊዘርላንድ ቦብስት ያስመጣል። ሎዛን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1890 የተከፈተ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ሉህ ራሱ እያነሣ፣ ቆርጦ የሚያወጣ ማሽን ሠርቷል። እርስዎ ለቦብስት የሚበቃ ገንዘብ ካለዎት ይህን ምክር ማንበብ ትተው ገንዘቡን ያስቀምጡት።

የቻይናው ማሽን አሠራር ቀላል ነው። ሁለት ከባድ የብረት ገበታዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ አይነቃነቅም፣ ሌላው እንደ መንጋጋ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቻይናዎቹ ራሳቸው "የነብር አፍ" ነው የሚሉት። በማይነቃነቀው ገበታ ላይ ዳዩ ይታሰራል። ዳይ ማለት አሥራ ስምንት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ነው፤ በመጋዝ ተሰንጥቆ ስንጥቁ ውስጥ የብረት ቢላዎች ተተክለውበታል። ስለታሙ ይቆርጣል፤ ጫፉ የደነዘው ማጠፊያውን ይጫናል። ከቢላዎቹ ጎን የተለጠፈው ጎማ ደግሞ የተቆረጠውን ወረቀት መልሶ ይገፋል። ሠራተኛው በአንድ እጁ የተቆረጠውን እያወጣ በሌላው አዲሱን ያጎርሳል። ነብሩ ግን እጅ ወጣ አልወጣ ብሎ አይጠብቅም።

ስለዚህ ሁለተኛው ምክሬ ስለ ጣት ነው። ከማሽኑ አፍ ፊት ለፊት እጅ ሲነካው መንጋጋውን የሚያቆም ዘንግ አለ። በየጊዜው ማሽኑን እያቆመ ያናድዳል፤ ሥራም ያጓትታል። በሽቦ ጥፍር አድርገው ይሰሩትና ምርትዎ ሲጨምር ይመልከቱ። ከመንገዱ ማዶ የሚሠሩ አንድ ምዜ፣ ማለትም አዛውንት፣ አሉ፤ በወጣትነታቸው ይህንኑ ምክር ከአሠሪያቸው ሰምተው ተግብረውታል። ዛሬ ዋጋ ሲነግሩኝ ቃል አያባክኑም፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "አሥር ሺህ ሺሊንግ" ነው የሚሉት። እኔ የማየው ዘጠኝ ሺህ ተኩል ነው። የምከፍለው ግን ሙሉውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ስለ ልኬት። አይለኩ። የለካ ሰው ይጨነቃል። የቆራጩ ቢላ ቁመት 23.8 ሚሊሜትር ነው። ማጠፊያው ከዚያ ያጥራል፤ የሚያጥረውም በካርቶኑ ውፍረት ያህል ነው። ካርቶኑ 0.4 ሚሊሜትር ከሆነ ማጠፊያው 23.4 ይሆናል ማለት ነው። ከሉሁ ሥር ደግሞ ካርቶኑ ሲጫኑት የሚሰምጥበት ጠባብ ቦይ ያስፈልጋል። የካርቶኑን ውፍረት አንድ ጊዜ ተኩል ያባዛሉ፣ የማጠፊያውን ብረት ውፍረት 0.7 ይደምሩበታል፤ 1.3 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የቦዩ ስፋት ያ ነው። አንድ የሠርግ ሽማግሌ ፊቱን ሳያኮሳትር የሚሰማው ሒሳብ አይደለም። ደግሞም ደንበኛ የሚያወራው በግራም ነው፤ "ባለ ሦስት መቶ ይሁንልኝ" ይላል። ግራሙ ግን የአንድ ካሬ ሜትሩን ክብደት ነው የሚነግርዎ፤ ስለ ውፍረቱ ዝም ነው። ሁለት ባለ 300 ግራም ካርቶኖች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንዱ ሰልካካ፣ አንዱ እንደ ዳቦ የተነፋ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ማይክሮሜትር መግዛት ያስፈልጋል። አይግዙ፤ ጥፍርዎ ይበቃል።

እኔ አልገዛሁም። ካባላጋላ ቡና እየቆሉ የሚሸጡ አንዲት የአገር ሴት፣ እትዬ የምላቸው፣ ለግማሽ ኪሎ ቡና የሚሆን አንድ ሺህ ካርቶን አዘዙኝ። ቀለሙን ጥቁር ቡናማ አደረግነው፤ ፊት ለፊቱ ጀበና አለበት፤ ያማረ ነበር። አዲስ ዳይ አስጠረብሁና አሰርሁ፤ ከሥሩ ግን ያለፈው ሳምንት ሥራ ቦይ ነበር የተለጠፈው፤ ለቀጭን የመጥሪያ ካርድ የተሰናዳ። ልነቅለው ስል "ቦይ ቦይ ነው" አልሁና ተውሁት። አንድ ሉህ ቆርጬ አጥፌ ብመለከት ኖሮ በደቂቃ ይገባኝ ነበር። ግን ደንበኛ ይጠብቃል፣ ማሽኑም ድምፁ ደስ ይላል። አንድ ሺሁን በአንድ ከሰዓት ጨረስሁ። ከዚያ ለመለጠፍ የመጀመሪያውን ሳጥፍ ማእዘኑ ላይ ቡናማው ተሰነጠቀና ነጩ ካርቶን ከዳር እስከ ዳር ጥርሱን አሳየኝ። ሁለተኛውም። አሥረኛውም።

ምዜውን ጠራኋቸው። አንዱን አንሥተው በአውራ ጣት ጥፍራቸው ማጠፊያውን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፤ ከዚያ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አጠፉት። ካርቶን ሲታጠፍ ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ በደንብ የተጫነው ዝም ብሎ ይተኛል፣ ያልተጫነው ይንጫጫል። "ሴቦ፣ ይሄን አጠፍሁት ብለህ ነው? ሰብረኸዋል" አሉኝ፤ ሴቦ "ጌታው" እንደ ማለት ነው። የጠበበውን ቦይ በቢላ ላጡት። ከቁራጭ ካርቶን ሁለት ቀጫጭን ጥብጣቦች ቆርጠው፣ በመካከላቸው ክፍተት ትተው ለጠፉ፤ ክፍተቱን የለኩት የማጠፊያውን ብረትና ካርቶኑን አንድ ላይ በማስገባት ነው። የቢላው ምት የሳሳበት አንድ ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ሲጋራ ወረቀት የቀጠነ ልጣፊ ጨመሩ። አንድ ሉህ መቱ፣ አጠፉ፣ ዘረጉ፣ መልሰው አጠፉ። ስንጥቅ የለም። ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ የአንድ ሮሌክስ ዋጋ ነው። ሮሌክስ ስል ሰዓቱን ማለቴ አይደለም፤ እዚህ አገር በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ነው።

በነገሩ ላይ ሳስብ የተናደድሁት ራሴው ላይ ነው። የኛ አገር ብራና ፋቂና ቁም ጸሓፊ ይህን ሥራ ከጥንት ያውቀዋል። ብራናውን ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደነዘ ጫፍ ያለ ቀለም ያሰምራል። ቆዳው ሳይቆረጥ መስመሩ ይቀራል። እጁ ቢከብድ ቆዳው ይቀደዳል፤ ቢቀልል መስመሩ ይጠፋል። እኔ የብራና መጽሐፍ ፊት ቆሜ ተሳልሜያለሁ፤ መስመሩን ግን አላየሁትም።

ስሕተት ያከብራል የሚሉም አሉ፤ ማስረጃም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1879 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮበርት ጌር የሚባል ስኮትላንድ የተወለደ የወረቀት ከረጢት ሠሪ ነበር። የዘር ከረጢት ሲታተም ማጠፊያ እንዲያወጣ የታሰበ ብረት ከልኩ በላይ ረዝሞ ከረጢቶቹን ቆረጣቸው። በሺዎች ነው የተበላሹት። ሰውየው ግን "ለካ በአንድ ምት መቁረጥም መጫንም ይቻላል" ብሎ ካርቶን በገፍ ማምረት ጀመረ፤ ከበረ። ስለዚህ ሳይፈሩ ይሳሳቱ። ጌር ሲሳሳት በአንድ ምት ቆርጦ የሚጭነው ዳይ ከት ገና አልተፈለሰፈም ነበር፤ እርስዎ ሲሳሳቱ ግን ተፈልስፏል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ወደ ቁሳቁሱ ልመለስ፤ ሻጩ የሚመካው በእሱ ነውና። ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው፤ ክሮቹ ወደ አንድ ወገን ይተኛሉ። ቁራጭ ቢቀድዱ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው እየተወላገደ። ማጠፊያው ክሮቹን ተከትሎ ከሄደ ይታዘዛል፤ ካቋረጣቸው ያምጻል። ይህን ይርሱትና ሉሁ ላይ አንድ ካርቶን በትርፍ በሚያስገባልዎት በኩል ያዙሩት። ቆርቆሮ የሚመስለው ባለ ሞገድ ካርቶን ደግሞ ሆዱ አየር ነው፤ ጎማው ከበረታበት ከቢላው በፊት ይጨፈለቃል። ሲወጣ በትክክል ተቆርጧል፤ ግን የተሸከመው ጥንካሬ ሁሉ እዚያው ማሽኑ አፍ ውስጥ ቀርቷል። ደንበኛው ማንጎ ሲጭንበት ይነግርዎታል። ስፖንጅ ሲጫኑት ያፈገፍጋል፤ ከላይና ከታች ልኩ ይለያያል። ቆዳን ለመርካቶ ጫማ ሠሪ ይተዉለት።

ስቲከር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ዕዳዬ እዚያ ነው። ስቲከር ሲቆረጥ ላዩ ብቻ ተቆርጦ የሚላጠው ጀርባ ሳይነካ መቅረት አለበት። የሙያው ሰዎች ኪስ ከት ይሉታል፤ ቢላው ጀርባውን የሚስመው ያህል ብቻ ነውና በእንግሊዝኛው ከመሳም የመጣ ነው። ለሐበሻ ጆሮ ግን "ኪስህ ክተት" የሚል ይመስላል። እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁበት። ቢላው የፀጉር ያህል ከበረታ ስቲከሩ ከነጀርባው ወርዶ መሬት ላይ እንደ ኮንፈቲ ይበተናል፤ ከሳሳ ደግሞ የማይላጥ ስቲከር ይሆናል። ገበታው በአንድ ጥግ ስለዘመመ በአንድ ሉህ ላይ ሁለቱንም አሳክቻለሁ። ሦስት መቶ የማር ማሰሮ ስቲከር ሠርቼ፣ ግማሹን ባለማሩ መላጥ አቃተው፣ ግማሹን እኔ ጠረግሁት።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ሉቡጎ ነው። ባጋንዳዎች ከሙቱባ ዛፍ ውስጠኛ ልጥ የሚሠሩት ጨርቅ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ድንቆች መካከል አንዱ አድርጎ አውጆታል። ልጡን በዝናብ ወራት ይልጡታል። ቶሎ እንዳይደርቅ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ሆነው ጎድጎድ ያለ መስመር በተቀረጸባቸው የእንጨት መዶሻዎች ይደበድቡታል፤ ሲጨርሱ ለስላሳ፣ መልኩ የሸክላ አፈር የመሰለ ጨርቅ ይሆናል። ሙያው በንጎንጌ ጎሳ ዘንድ በዘር የሚወረስ ነው። ለንግሥ ይለበሳል፤ ሙት ይገነዝበታል። አሁን አሁን ደግሞ የክዋንጁላ መጥሪያ ካርድ ይሠራበታል፤ ክዋንጁላ የኛ የሽምግልናና የጥሎሽ ቀን በአንድ ላይ ሲከበር ማለት ነው።

አንድ የሙሽሪት አባት ሁለት መቶ መጥሪያ አዘዙኝ፤ ላዩ ሉቡጎ፣ መሃሉ ላይ ስም የሚታይበት መስኮት የተቆረጠለት፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ። "ማሽኑ ይቆርጠዋል?" አሉኝ። "ሁሉን ይቆርጣል" አልኋቸው፤ ሻጩ እንዳለኝ። ቢላው ወረደ። ሉቡጎው ግን ተለጠጠ፣ ከፊሉ ተቆረጠ፣ ከፊሉ ክር ክር ሆኖ ጎማው ላይ ተንጠለጠለ። ማጠፊያ መስመሩ ደግሞ ጭራሽ አልታየም፤ ያን ያህል መዶሻ የጠገበ ነገር ለአንዲት ደነዝ ብረት ምን ብሎ ይበገራል? ምዜው መጥተው ሳይናገሩ ጥቂት ጊዜ በመዳፋቸው አሻሹት። ከዚያ ሉቡጎውን ስስ ካርድ ላይ በሙጫ አስለጠፉኝ፤ አዳሩን ከክብደት ሥር አቆዩት፤ የመስኮቱን ቢላ በአዲስ አስቀየሩኝ። ማጠፊያውን ከካርዱ በኩል፣ በውስጥ ገጽ አስመቱት፤ ሉቡጎውን አልነኩትም። ካርዱ ሲታጠፍ ጨርቁ ራሱ ተከተለ። አባትየው አንዱን ይዘው ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው አሸተቱት። ሒሳብ ሲከፍሉ አልተከራከሩኝም፤ በካምፓላ የደረሰብኝ እንግዳ ነገር ይህ ነው።

የገበያ ምክርም ልጨምር። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2009 ስሱን ፌስታል፣ እነሱ ካቬራ የሚሉትን፣ ከ30 ማይክሮን በታች የሆነውን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ከዚያ ወዲህ የወረቀት ከረጢትና የካርቶን ሥራ የጀመረ ሁሉ "ካቬራ ነገ ይጠፋል" ብሎ ነው የጀመረው። እርስዎም በዚሁ ተስፋ ብድር ይውሰዱ። ውልዎን ፈርመው ሲወጡ ለመንገድ ቲማቲም ይግዙ፤ በካቬራ ነው የሚቋጥሩልዎት። በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ምርጫ ይመጣል። ያኔ ናስር ሮድ ካርቶንዎን የሚያትምልዎት አያገኙም፤ የተፎካካሪዎቹ ፓርቲዎች ቢጫው ፖስተርና ቀዩ ፖስተር ከአንድ ማሽን፣ በአንድ ቀን ተራ በተራ ይወጣሉ፤ የሚያትመው ልጅም ሁለቱንም በእኩል ፍቅር ይቆልላቸዋል።

መብራቱን ሰዉ ያካ በሚለው ይሞላሉ፤ አስቀድሞ የሚከፈልበት ቆጣሪ ነው፣ ስሙም በሉጋንዳ "ብራ" እንደ ማለት ነው። ሒሳቡ ማለቁን አስቀድመው አይመልከቱ። የኔ ያለቀው መንጋጋው ሉህ ላይ ሊገጥም ሲል ነው፤ ስልክ አውጥቼ ቁጥሩን እስክሞላ ድረስ ነብሩ በአየር ላይ አፍጥጦ ጠበቀኝ።

ባለፈው እሑድ እትዬ ቤት ቡና ልጠጣ ገባሁ። የተስተካከለውን ሥራ ከተቀበሉኝ በኋላ የተበላሹትን ካርቶኖች በነፃ ወስደውልኝ ነበር፤ የሚጥሉት መስሎኝ። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ከሰሉን በአንዱ ታራግባለች፤ ማእዘኑ የተሰነጠቀ፣ ጀበናው ወደ ላይ የዞረ። እትዬ ረከቦቱን እየደረደሩ አየት አደረጉኝና፣

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ካርቶንህ ለማራገቢያ ግሩም ነው፤ አይልመጠመጥም። ያኛው አዲሱ ግን ሲያራግቡበት ይታጠፋል" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "እኅቴም ሬስቶራንት ልትከፍት ነው፤ ከነዚያ ከተበላሹት ትንሽ አትሠራላትም?"